እጆቿ ብቻ የታዩበት ፎቶ

ሰኞ፣ ትምህርት ሊከፈት ዘጠኝ ሳምንት ሲቀረው

እናቴ እኔ ቤት ከገባች ዛሬ አሥራ አንድ ቀኗ ነው። ወንድሜ «ለጊዜው ነው» ብሎ ነው ያመጣት። ሻንጣዋን ደጃፍ ላይ አስቀመጠ፣ የመኪናውን ሞተር እንኳ አላጠፋም። ሚስቱን ወገቧን ያማታል። የኔ ወገብ ብረት ነው መሰለው።

ቁርስ አልቀመሰችም። እንቁላሉን በጣቷ ገፋ ገፋ አድርጋ ሳህኑን ወደ ግድግዳ አዞረችው። ገላሽን ታጠቢ ስላት የበሩን መቃን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆመች። ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጣቶቿን ከመቃኑ ለማላቀቅ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል።

«ተያት እማዬ፣ ሲያሰኛት ትታጠባለች» ትለኛለች ልጄ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከቁመቷ አፏ ስለሚበልጥ ድንቢጥ እንላታለን። የማትከራከርበት ነገር የለም።

ሥራ አርፍጄ ደረስኩ። የሦስት ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ተደራርቦብናል፤ ጨርቁ እስከ ጣሪያ ተከምሯል። የቀድሞው ኃላፊ ጥሎን ስለሄደ የልብስ ስፌቱ ባለቤት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው፣ የመጋዘኑንና የመቁረጫ ክፍሉን ቁልፎች ለኔ ሰጠኝ። «ከቆራጮቹ ሁሉ አንቺን ነው የማምነው» አለኝ። ዘጠኝ ቁልፍ በአንድ ቀለበት። ቀበቶዬ ላይ አንጠለጠልኩት፤ ስራመድ ይንኳኳል። እውነቱን ለመናገር ድምፁ ደስ አለኝ።

ሐሙስ

ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ቶሎ ቶሎ ነው የምታወራው። «የቅርቡ ነው የሚጠፋባት፣ የድሮው ይቆያል። የድሮ ፎቶ ካላችሁ አሳዩዋት፣ አብራችኋት አውሩ። ያረጋጋታል» አለችኝ።

የድሮ ፎቶ የለንም። እናቴ ስለ ልጅነቷ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ትንንሾች ሳለን ስንጠይቃት «እኔ ልጅ ሆኜ አላውቅም» ትለን ነበር። ቀልድ መስሎን እንስቅ ነበር።

አክስቴ ጋ ደወልኩ።

ቅዳሜ

አክስቴ የእናቴ እህት ናት፣ በአባት ብቻ። የእናቴ እናት የሞተችው እናቴ አምስት ዓመቷ ሳለ ነው። አባቷ ሹፌር ነበር፣ ወር ሙሉ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው፤ ቤት የሚውል ሰው ያስፈልጋል ተብሎ በዓመቱ ሌላ አገባ። አክስቴ የሁለተኛዋ ሚስት ልጅ ናት። እናቴ ያቺን ሴትዮ «እትዬ» ነበር የምትላት። እናት ብላ እንዳትጠራት ተከልክላ ነው አሉ።

አልበሙን በፌስታል ይዛ መጣች። ፕላስቲኩ ፎቶዎቹ ላይ ተጣብቆ ሲላቀቅ ይንጫጫል። እናቴን መሃል አስቀመጥናት።

አንደኛው የፎቶ ቤት ፎቶ ነው። ከፍ ያለ ጠረጴዛ እስከ ወለሉ ጨርቅ ለብሶ፣ ላዩ ላይ ጉንጫም ሕፃን ተቀምጣለች። ግራና ቀኝ ባልና ሚስት ቆመዋል። ሕፃኗን ከኋላ ወገቧን የያዙ ቀጫጭን ጣቶች ይታያሉ። ጣት ብቻ። ሰው የለም።

«ይቺ እኔ ነኝ!» አለች አክስቴ።

«ጣቶቹስ?»

«የእናትሽ ናቸዋ! እኔ ገና መቀመጥ አልችልም፤ እሷ ጨርቁ ውስጥ ተንበርክካ ደግፋኝ ነው። ፎቶ አንሺው አትታይም ብሎ ነበር። ታየችና ጉድ ሆነ!» ብላ ሳቀች።

«እንዴት ያለ ጉድ?»

«ተይው በናትሽ። የድሮ ነገር።»

እናቴ አመልካች ጣቷን ፎቶው ላይ አሳረፈች። «ይሄ የኔ ነው» አለች። እኔ ቤት ከገባች ወዲህ የተናገረችው የመጀመሪያው ሙሉ ነገር ይሄ ነው።

ሁለተኛው ፎቶ ላይ ጓሮ ውስጥ ሰዎች ይስቃሉ። ጥግ ላይ ጭንቅላቷ ሙልጭ ተደርጎ የተላጨ ልጅ ብርጭቆ የሞላ ትሪ ይዛለች። ወንድ መስላኝ ነበር። «ማበጠሪያዬን ነክታ ነው» አለች አክስቴ። «ቀይ ማበጠሪያ ነበረኝ።» ሌላም ነገር ልትጨምር ነበር፣ ድንቢጥ አፍጥጣ እያየቻት ስለነበር ተወችው።

ሦስተኛው የሴትዮዋ፣ የእትዬ፣ ብቻ ነው። ትከሻዋ ሰፊ፣ ቀበቶዋ ላይ የቁልፍ ዘለላ። ፈገግታዋ ያምራል። እናቴ ይሄኛውን አላየችውም። ፊት ለፊቷ ባስቀምጠውም አይኗ አላረፈበትም።

ማክሰኞ

ዛሬ ከሥራ ስገባ ገና ደረጃው ላይ ሳለሁ ውስጥ ግርግር ሰማሁ። በሩን ስከፍት እናቴ ቆማለች። ሳህኗን ከጀርባዋ ደብቃለች።

«እትዬ መጡ» አለች።

«እኔ ነኝ እማዬ። ልጅሽ።»

«አልበላሁም እትዬ። እያጠብኩት ነው።»

ድንቢጥ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን ዋጠችው። «ቁልፍሽ ነው እማዬ» አለችኝ። «ቁልፉ ሲንኳኳ ነው የተነሳችው።»

እኔ ነኝ፣ ልጅሽ ነኝ፣ እያልኩ ግማሽ ሰዓት ለመንኳት። ሲገባት ተቀመጠች፤ ሲገባት ደግሞ እራቷን እምቢ አለች።

ሐሙስ

ቸኩያለሁ። አራት መቶ ሸሚዝ ዛሬ መቆረጥ አለበት። እናቴ እንደገና «እትዬ» አለችኝ። ለማስረዳት ጊዜ አልነበረኝም። «ብዪ» አልኳት። በላች። ሙሉ ሳህን። ዳቦውን በእንቁላሉ ጠራርጋ።

ቅዳሜ

ሁለት ቀን አላረምኳትም። ሁለት ቀን በላች፣ ታጠበች፣ መድኃኒቷን ዋጠች። ሐኪሟ «አትከራከሯት፣ እሷ ካለችበት ሁኑላት» ብላኝ የለ? እኔ ያለችበት ነው የሆንኩት።

እሑድ

እረፍት ነው። ቁጭ ብዬ ልጻፍ።

ጠዋት የፎቶ ቤቱን ፎቶ አሳየኋት። ጣቶቹን ነካካቻቸው። «ያን ቀን ምን ሆነ?» አልኳት፤ ረጋ ብዬ ነው የጠየቅኳት። እንዲህ አለችኝ፦

«ፎቶው ደረሰና እትዬ አዩት። አይዞሽ ነይ አሉኝ። እየሳቁ ነው ነይ ያሉኝ። ጣትሽን ጠረጴዛው ላይ አድርጊ አሉ። በቁልፉ ነው የመቱኝ፣ አንድ ባንድ። ስንት ጣት እንደታየ ቁጠሪ አሉኝ፤ እኔ ደግሞ መቁጠር የማውቀው እስከ ስድስት ነው። ከስድስት በኋላ ዝም ስል እንደገና ካንድ ይጀምራሉ።»

ይህን ስትናገር አላለቀሰችም። ጣቶቿን አንድ ባንድ እያሻሸች ነበር።

ማዘን ነበረብኝ። አዘንኩም። ግን ከሐዘኑ ቀድሞ የመጣው ሌላ ነበር፤ «እኔንስ?» የሚል።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ለአዳሪ ትምህርት ቤት የሚያሳልፍ ፈተና ነበረኝ። ከክፍላችን ሁለት ልጅ ብቻ ነው የተመረጠው። በዋዜማው መልስ መለስኩላት፤ በምን እንደሆነ አሁን አላስታውሰውም። ጠዋት ዕቃ ቤት ውስጥ ቆለፈችብኝ። ቀኑን ሙሉ። በቀዳዳው አየኋት፤ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣች ነበር። አላመለጠኝም እያልኩ ጮህኩ፣ ገና ሁለት ሰዓት ነው፣ ገና ሦስት ሰዓት ነው፣ እሮጣለሁ፣ እደርሳለሁ። ልብሱን አስጥታ ጨረሰች። ወንበር አውጥታ ተቀመጠች። ይኸው ቆራጭ ሆንኩ።

ወንድሜ ይሄን አያስታውሰውም። «እማዬ እንደዛ አታደርግም» ይለኛል። እሱን አላደረገችውማ።

የሚገርመኝ ይሄ ነው። የተደረገባትን እያወቀች። ማንም ያላወቀውን እሷ እያወቀች።

ረቡዕ፣ ስድስት ሳምንት ሲቀር

አክስቴ ጋ ደውዬ እናቷ ስትቆጣ ምን ትል እንደነበር ጠየቅኳት። ሐኪሟ ናት ጠይቂ ያለችኝ አልኳት። አክስቴ ወሬ ስትወድ! «ጮሃ አታውቅም እኮ» አለችኝ። «ድምጿን ዝቅ ነው የምታደርገው። ‹ይሄን እኔ ያላየሁ መሰለሽ?› ትላለች። በቃ፣ ያኔ እናትሽ ሽንቷ ያመልጣታል።» እንደገና ሳቀች። ሳቋ ስልኩ ከተዘጋም በኋላ ጆሮዬ ላይ ቀረ።

ዛሬ ማታ እናቴ ልብሷን አልቀይርም አለች። ድምጼን ዝቅ አድርጌ አልኩት። አንድ ጊዜ ብቻ።

ቀየረች። በአምስት ደቂቃ አለቀ። ድሮ አንድ ሰዓት ነበር የሚፈጀው።

ወለሉን ራሴ ወለወልኩት። ድንቢጥ እንዳታየው።

ዓርብ

ድንቢጥ፦ «ከማን ጋር ነው እንደዚህ የምታወሪው?»

«ከአያትሽ ጋር ነዋ።»

«ከአያቴ ጋር አይደለም። እንደሱ ስታወሪ እኔም ፈራሁ።»

«አንቺ ቀን ሙሉ አብረሻት ስትውዪ አንዲት ማንኪያ አጉርሰሻት ታውቂያለሽ? ከኔ ጋር ስትሆን ግን ትበላለች።»

«ስለፈራች ነዋ የምትበላው!»

«ብቻ በላች።»

ለአጎትሽ ብትነግሪው ወዮልሽ አልኳት። ድምጼን ዝቅ አድርጌ መናገሬን ያወቅኩት ከተናገርኩ በኋላ ነው።

ማክሰኞ

ሥራ። ሥራ። ሥራ። ቁልፉ ወገቤን እየላጠኝ ነው። እናቴ ደህና ናት። በላች።

ዓርብ፣ አምስት ሳምንት ሲቀር

ዛሬ ሁሉም ሰው ፊት አዋረደኝ።

ስልሳ ድርብ ጨርቅ ዘርግቼ እጅጌ ቆረጥኩ። ለቀኙ እጅጌ የካርቶኑን ልክ መገልበጥ ረሳሁ። ሁለት ዙር። መቶ ሃያ እጅጌ፣ ሁሉም የግራ። ከልብስ ሰፊዎቹ አንዷ ናት ሁለቱን አንስታ ያስተያየቻቸው። ሰላሳ ዓመት ቆርጬ እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ አላውቅም። እንቅልፍ የለኝም እኮ፤ ሌት ሦስት ጊዜ ነው የምትነሳው።

ጋሼ እጅጌዎቹን ተራ በተራ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። ማሽኖቹን አስቆመ። «ሁለት ግራ እጅ ያለው ተማሪ ፈልጊልኝ፣ እኔ እሸጥለታለሁ» አለ። ሳቁ። ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው የሳቁት። ከዚያ እጁን ዘረጋ። ቁልፉን ነው የፈለገው መስሎኝ ፈታሁት። «አይ ያዢው» አለኝ፤ «ቁልፍ መያዝማ ማን ያቅተዋል?»

ቤት ስገባ እናቴ ሽሮባዋን ፈትታ እንደገና ልትጎነጉን እየታገለች ነበር። ነጭ፣ ረጅም፣ እስከ ወገቧ። ከኔ ፀጉር ያምራል፤ ድሮም ትነግረኝ ነበር።

አሳጠርኩላት። ለመታጠብ እንዲመች ነው።

ቅዳሜ

የትናንቱን በደንብ ልጻፈው። ምንም የምደብቀው ነገር የለኝም።

መቀሱን ስታይ ራሷ ናት ወንበር ስባ የተቀመጠችው። እኔ አላስቀመጥኳትም። አንገቷን ደፋችልኝ። «ማበጠሪያውን አልነካሁም እትዬ። ይማሩኝ። ሁለተኛ አይለምደኝም» አለች።

«ይሄን እኔ ያላየሁ መሰለሽ?»

አፌ ላይ ስለነበር ወጣ። ሌላ አይደለም።

የጨርቅ መቀስ ለፀጉር አይሆንም፤ ከባድ ነው፣ ይጎትታል። መጀመሪያ እስከ ትከሻዋ አልኩ። አንደኛው ጎን አጠረ። ሌላኛውን ለማስተካከል ስል አጠረ። እንደዛ እንደዛ እያለ አለቀ። ራስ ቅሏ ትንሽ ነው። የሕፃን ነው የሚመስለው። ስጨርስ ተነሳችና «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ እጅ ነሳችኝ። እትዬ ያኔም እንደዛ ታስደርጋት ነበር ማለት ነው።

ድንቢጥ ፀጉሩን ከወለሉ በእጇ ለቀመችው። መጥረጊያ አምጪ ስላት አልመለሰችልኝም።

ለመታጠብ እንዲመች ነው።

እሑድ

ወንድሜና ሚስቱ መጡ። ወንድሜ ጭንቅላቷን ሲያይ ቆሞ ቀረ።

«ቅማል ነበረባት» አልኩት።

አመነኝ። ማመን ስለፈለገ ነው ያመነኝ፤ ካላመነ ይዟት መሄድ አለበታ። ብርቱካን ልጦ አጎረሳት፣ ሰዓቱን አየ፣ ተነሳ። ድንቢጥ ልትናገር አፏን ስትከፍት አየኋት፤ አፈጠጥኩባት። ዘጋችው።

ሚስቱ ኮሪደር ላይ ስትነግረው ሰማሁ፤ «እኔ ወገቤን ነው ያመመኝ። እህትህን ግን ልቧን ነው ያመማት።» እሱም «ዝም በይ፣ ትሰማሻለች» አላት። አይደለም ግን አላላትም።

ማክሰኞ

እናቴ ጠዋት በሩን ከፍታ ወጥታ አስፋልቱ ዳር ተገኘች። የመድኃኒት መሸጫው ልጅ ነው የመለሳት። ቢገጫትስ? ከዛሬ ጀምሮ ስወጣ ክፍሏን እቆልፋለሁ። ለራሷ ደኅንነት ነው። ውሃ አስቀምጬላታለሁ፣ ዳቦ አለ፣ ባልዲ አለ።

«እኔ አለሁ አይደል? እኔ እጠብቃታለሁ!» አለች ድንቢጥ።

«እስካሁንስ የት ነበርሽ?»

ቁልፉን ከሌሎቹ ጋር ቀለበቱ ላይ አስገባሁት። አሥር ሆነ።

እናቴ ስቆልፍ ድምፅ አላሰማችም። እኔ ያኔ ጮሄ ነበር።

ሰኞ፣ ሦስት ሳምንት ሲቀር

ሳምንቱን ሙሉ ምንም ችግር የለም። ጋሼ የግራ እጅጌውን ነገር ረስቶታል። ሁለተኛውን ትምህርት ቤት ጨርሰናል። ድንቢጥ በበሩ ቀዳዳ አያቷን ታጫውታለች፤ መሬት ላይ ተቀምጣ መጽሐፍ ታነብላታለች። አንዳንዴ ሁለቱም ሲስቁ ደረጃው ላይ እሰማለሁ። እኔ ስደርስ ያቆማሉ።

ሐሙስ



አምስት ሰዓት ላይ ድንቢጥ አንኳኳች፣ አያቷ አልመለሰችም። ደጋግማ ጠራቻት። ለኔ አልደወለችም። ለአጎቷ ነው የደወለችው። ወንድሜ መጥቶ በሩን በትከሻው ሰበረው።

አልጋው ላይ የለችም። ጠረጴዛው ስር ነው ያገኟት፣ የጠረጴዛው ልብስ ውስጥ፣ ተንበርክካ። ሁለት እጇን ወደ ላይ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ትራስ ደግፋ ይዛለች። ትራሱ እንዳይወድቅ። ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ጉልበቷ ቆስሏል። ክንዷ ደርቆ ወደ ታች አልመለስ አለ፤ ወንድሜ እያለቀሰ ነው ያሸላት። «ልቀቂው እማዬ፣ አይወድቅም» ሲላት «ፎቶ አንሺው ገና ነው፣ አልጨረሰም» አለችው።

እኔ ስደርስ ድንቢጥ ሁሉንም ነግራዋለች። ፀጉሩን፣ ቁልፉን፣ ድምጹን። ወንድሜ አልጮኸብኝም። በር ላይ አልፎኝ ሲሄድ እንዳልነካው ጥግ ይዞ ነው ያለፈው።

«ስታመጣት ሞተር አላጠፋህም!» አልኩት።

«አላጠፋሁም» አለኝ።

ነገ ይወስዳታል።

ዓርብ፣ ጠዋት

ዕቃዋን ስሸክፍ ብቻችንን ነበርን። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ጉልበቷ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሻሽ አሰርኩላት። ቁልፉን ትናንት ማታ ጓዳ ሰቅዬዋለሁ፣ አልያዝኩትም።

«ሚጡ» አለችኝ።

ሚጡ የምትለኝ ትምህርት ቤት ሳልገባ ነበር።

«ሹራቤን እንዳትረሺው፣ ግራጫውን።»

ደነገጥኩ። ድምጿ የጥንቱ ነው፣ አዛዡ። ዓይኗም እኔ ላይ ነው ያረፈው። «እማዬ፣ እኔ ማን ነኝ?» አልኳት።

«ምን ያለ ጥያቄ ነው? ልጄ ነሻ።»

ተንበረከክኩ። ይቅርታ ልላት ነበር። በእውነት ልላት ነበር። ግን አፌ የጠየቀው ሌላ ነው። «ታዲያ ለምን እትዬ ትይኝ ነበር?»

አሰበች። «አንዳንድ ቀን እሷን ሆነሽ ትመጪብኛለሽ» አለች። «አንዳንድ ቀን ደግሞ አንቺ እንደሆንሽ አውቅ ነበር።»

«ካወቅሽኝስ?»

«እትዬ ስልሽ ትረጊያለሽ። እሷም ቶሎ ብለው እሺ ካሏት ትረጋለች።» ሻሿን አስተካከለች። «ፀጉሬን የቆረጥሽ ዕለት አንቺ ነበርሽ።»

የሻንጣውን ዚፕ ዘጋሁት።

«ያኔ ዕቃ ቤት የቆለፍኩብሽ ቀን ትዝ ይልሻል?» አለችኝ። አርባ ዓመት ሊሆነው ነው፤ አንድም ቀን አንስታው አታውቅም። «እሺ በይኝ ብዬ ነበር። እሺ ብትዪኝ እከፍትልሽ ነበር። በሩ ጋ ወንበር አድርጌ ጠበቅኩሽ። አንቺ ግን ትጮሂያለሽ እንጂ እሺ አትዪም። እኔ በአንቺ ዕድሜ እንደሱ መጮህ የት አውቅ! ያናደደኝ እሱ ነው።»

ከዚያ የወንድሜ መኪና ጡሩምባ ሲያሰማ ብድግ አለችና ቀሚሷን አራገፈች። «አባባ መጡ እንዴ?» አለች። ሄደች።

ሹራቡን ረሳሁት። ወንበር ላይ ነው ያለው።

ቅዳሜ፣ አንድ ሳምንት ሲቀር

ወንድሜ ስልኬን አያነሳም። ሚስቱ ናት ያነሳችው። ደህና ናት አለችኝ። ትበላለች? አልኳት። «አንዳንዴ ትበላለች፣ አንዳንዴ እምቢ ትላለች። እምቢ ስትል እንተዋታለን» አለችኝ። እንድመጣ አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ድንቢጥ እዚያው ናት፤ ትምህርት እስኪከፈት ከአያቷ ጋር ትቆይ አሉ። በጀርባ ድምጿን ሰማሁ፣ ከአጎቷ ጋር በሆነ ነገር ትከራከራለች።

ትዕዛዙን ሁሉ አስረከብን። ጋሼ በኃላፊነቱ ቀጥዪ አለኝ። ቁልፉን መለስኩለት። ምክንያት ሲጠይቀኝ ወገቤን ያመኛል አልኩት።

ሰኞ፣ ትምህርት ተከፈተ

ጠዋት መንገዱ እኔ በቆረጥኩት ልብስ ተሞላ። ልጆቹ ሲሮጡ እጅጌያቸውን ነው የማየው። የቀኝም የግራም አላቸው።

ድንቢጥ ትናንት ተመለሰች። ቦርሳዋን በቦታው አስቀመጠች፣ አልጋዋን አነጠፈች። ጠግባ መጥታለች ብዬ ምግብ አላቀረብኩም ነበር፣ ስጠይቃት «እበላለሁ» አለች፣ በላችም። አያትሽ እንዴት ናት ስላት «ደህና ናት» አለችኝ። ስለኔ ትጠይቃለች? «አዎ።» እውነት? «አዎ እማዬ።»

በትርፍ ሰዓቷ ስለምትማረው ሙዚቃ አምናም ስንጨቃጨቅ ነው የኖርነው። እኔ ይቅርብሽ እላለሁ፣ እሷ በር ወርውራ ትዘጋለች። ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ እንዲያው ጨዋታ ለማምጣት ያህል፣ ዘንድሮስ ተውሽው ወይ አልኳት።

«እሺ» አለች።

«ምን እሺ?»

«እሺ፣ እተወዋለሁ።»

ፊቷን አየሁት። ኩርፊያ የለበትም። ምንም የለበትም።

እንዲህ ያለች ልጅ አይደለችም። አውቃታለሁ፣ እኔ ነኝ የወለድኳት። ሌላ ነገር ልሞክር አልኩ። ቀኑ ሲነድ ነው የዋለው፤ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል፣ እኔ ራሴ በውስጥ ልብስ ነኝ። «ይበርዳል» አልኳት። «ሹራብሽን ልበሺ።»

ትስቅብኛለች ብዬ ነው። አብደሻል እንዴ እማዬ እንድትለኝ ነው።

ቀና ብላ አላየችኝም። ገብታ አዲሱን የዩኒፎርም ሹራብ ለበሰች፣ ቁልፎቹን እስከ አንገቷ ቆለፈች፣ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ደብተሯን ከፈተች። ላቡ በጆሮዋ ጎን ወርዶ ኮሌታዋ ውስጥ ገባ። አልጠረገችውም።

«በቃ አውልቂው» እስክላት ጠበቀች።